ሙጫው ሳይበላህ

ጫማህን ከደጅ አውልቅ፤ ድምፅህንም አብረህ።
እኔ አላወለቅሁም።
ከሳይጎን በባቡር መጥቼ፣ ሁዌ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከዚያ እርጥብ ቤት
የደረስሁ ዕለት
አፌ ነበር የቀደመኝ፣ እግሬ ሳይገባ በፊት።

ሰባት ሰው አጎንብሶ ሰሌዳ ይቀባል፤
የዛፍ ደም፣ ጥቁር ሙጫ፣ እንደ ማር ይሳባል።
ይደርባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ደግሞ ይደርባሉ፤
በመጨረሻም በውኃ እየፈገፈጉ
የቀበሩትን ሥዕል ቆፍረው ያወጣሉ።

ሽርጤን ባዶ ባየሁት ሚስማር ላይ ሰቀልሁ።
የሞተ ሰው ሚስማር መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁ።

እማማ ሆዋይ ሽመላ ላይ ነበሩ።
«እግሩ ተጣሟል፣ አየሽ?» አልሁ፤
«አየሽ» ብዬ፣ አንቱታው እንኳ ሳይታወሰኝ።
ቀና ብለው አዩኝ።
«ይሆናል» አሉ፤
የዳክዬ እንቁላል ቅርፊት በመርፌ ጫፍ እያነሡ
ነጩን ከነጩ አጠገብ መደርደር ቀጠሉ።
(ነጭ ቀለም ሙጫው ውስጥ ይበልዛል፤
ነጭ የፈለገ እንቁላል ይሰብራል።)

ማንም አልገሠጸኝ። ዝምታቸውን
«በል፣ ቀጥል» እንደ ማለት ቆጠርሁት፤
ሎክን «ቀዩ በዛብህ» አልሁት፤
ኛንን፣ ወርቁ በየት በኩል ቢለብስ እንደሚያምር አስተማርኋት፤
ማንም ሳይጠይቀኝ።

ከጓዳ አንድ ቁም ሣጥን አለ፣ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ።
ሙጫ በፀሐይ አይደርቅም፤
ጭለማ ይሻል፣ እርጥበት ይሻል፣ የሚተወው ሰው ይሻል።
«ሌሊት አይከፈትም» ብላኝ ነበር ኛን።
ቁልፍ የለውም፤ መቆለፊያው ይሉኝታ ነው።

ከፈትሁት።
የራሴን ሰሌዳ፣ ደርቆ እንደሆን፣ በአንድ ጣት ልነካ፤
ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ ነበር ለካ፣
ቦነነ፤ ወረደ፤
ከእማማ ሆዋይ ሽመላ በላይ፣ ከጥቁሩ ሰማይ ላይ ሰፈረ።
ሙጫ ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

ሲነጋ ፊቴ የለም።
በቦታው እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ፣ ዓይን የሌለው፣ የሚያሳክክ ነገር።
«በላው! ሙጫው በላው!» ሎክ ጮኸ፤
ሰባቱም ሳቁ። ሳቁብኝ አልልም፤ ሳቁልኝ።
አንዱ ክንዱን፣ አንዷ አንገቷን ገልጣ፣
መጀመሪያ የተበሉበትን ቦታ አሳዩኝ።
እማማ ሆዋይ የኮከብ ፍሬ ቅጠል ቀቅለው
ፊቴን በለብታው አጠቡኝ፤
ስለ ቁም ሣጥኑ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱ።
«አሁን ያውቅሃል» አሉ ብቻ። «ቀምሶሃል።»
ሽርጤ እዚያው ሚስማር ላይ ነበር። ማንም አላወረደው።

በሦስተኛው ሳምንት ሽመላውን ሲፈገፍጉ ጠሩኝ።
ብናኙ አለ፣ ከሰማዩ መሐል፣ እንደ ትንኝ።
መዳፋቸው ዞረው፣ ዞረው፣ ተወው።
ከዚያ ዝቅ አለ፤ ጥቁሩ ሳሳ፤
ከሥር ብር የመሰለ ወንዝ ተነሣ፣
ሽመላው እስከ ጉልበቱ የቆመበት።
ውኃ ውስጥ የገባ እግር
እንዴት ቀጥ ብሎ ይታያል?
«ወንዙ ገና አልወጣም ነበር» አሉኝ፣
እኔን ሳይሆን ሰሌዳውን እያዩ።
«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ።
ስለየትኛው እንደሆነ አልጠየቁም።

እናም አንተ፣ ደጅ የቆምህ፣ ሻንጣህን ያላወረድህ፣
ምክር የለኝም። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው።
የሰው ሥራ ስታይ፣ ስንተኛው ድራብ ላይ እንደደረሰ ጠይቅ።
ቅርፊት ከጨረስህ፣ ለሚመጣው ሰው ሰብረህ አስቀምጥ፤
እንቁላሉን ግን ብላው፣ አይጣልም።
ቁም ሣጥኑን... ትከፍተዋለህ፣ ዐውቃለሁ።
ቅጠሉ ጓሮ አለ፤ ድስቱን እኔ እጥዳለሁ።